ሐሰንና ሁሴንን አንድ አታድርጓቸው

ልጆች፣ ትምህርት ጨርሳችሁ ዳታቤዝ ላይ መሥራት የጀመራችሁ የድሬ ልጆች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ሁለቴ የተመዘገበውን እንዴት ነው የማጠፋው?» ኮማንዱን ነው የምትፈልጉት። እሱ ቀላል ነው፣ እነግራችኋለሁ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃችሁ አለኝ። ሁለቱ መዝገቦች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማን ነገራችሁ?

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በሕክምና መዝገብ ላይ ነው። መጀመሪያ በወረቀት፣ ኋላ በኤክሴል፣ ከዚያ በዳታቤዝ። ስለዚህ የማወራችሁ ከካርድ ክፍል ነው። የውሃ ደንበኛም የተማሪም መዝገብ ብትይዙ ጣጣው ተመሳሳይ ነው።

ድግግሞሽ የሚፈጠረው በኮምፒውተር ጥፋት አይደለም። ሰው ካርዱ ይጠፋበታል። የድሮውን እስኪፈልጉለት ከመቆም «አዲስ አውጡልኝ» ማለት ይቀለዋል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ሰልፉ በር ድረስ ደርሶባታል፣ የድሬ ሙቀትም አለ። ታወጣለታለች። አለቀ፣ አንድ ሰው ሁለት ሆነ።

አሁን ስሙን እንየው። እኛ ጋ አንድ ስም በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ግን ሀ 1200 ነው፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት እንጂ አንድ ድምፅ አያይም። በዚህ ላይ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። ደግሞ ገ/ማርያም፣ ገብረማርያም እና ገብረ ማርያም አለ። ይኼኛው ሦስተኛው የባሰ ነው። መዝጋቢው ክፍተት ካየ «ገብረ»ን የልጁ ስም፣ «ማርያም»ን የአባት ስም አድርጎ ያስገባዋል። የልጁ አባት አያት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ ዓምድ መክፈት ነው። ሰውየው ያስመዘገበውን ስም አትንኩ፣ እሱ የራሱ ነው። አጠገቡ የማነጻጸሪያ ዓምድ ክፈቱና እዚያ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ መልሱ፣ «ወ/ሮ» እና «አቶ»ን አውጡ፣ ትርፍ ክፍተት አጥፉ። ማነጻጸሩ በዚህኛው ይሁን። ይህ ብቻውን ብዙ ድግግሞሽ ያወጣላችኋል።

ከዚህ በኋላ ነው ሰው የሚሳሳተው። «ድምፁን የሚያነጻጽር ፕሮግራም አለ» ብላችሁ ሳውንዴክስ ታመጣላችሁ። ሳውንዴክስ በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፓተንት መብት ያገኘ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ብዙ ዳታቤዞች ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። የመጀመሪያዋን ፊደል ይይዛል፣ አናባቢዎቹን ይጥላል፣ የቀሩትን ተነባቢዎች በቁጥር ይለውጣል። ለእንግሊዝኛ ስም ታስቦ ነው የተሠራው። እኛ ጋ ሲመጣ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ሙሐመድን በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ብታስገቡት ኤም530 ይሰጣችኋል። ያንኑ ስም በሶማልኛ አጻጻፍ፣ ሐ በኤክስ ፊደል ተጽፎ፣ ብታስገቡት ኤም253 ይላል። አንዱን ሰው ሁለት አደረገው ማለት ነው። ሐሰንን ስጡት፣ ኤች250። ሁሴንን ስጡት፣ እሱም ኤች250። ሁለቱን ሰዎች አንድ አደረጋቸው።

ሐሰንና ሁሴን ደግሞ በእኛ አገር ማን እንደሆኑ የመጋላም የሳቢያንም ሰፈር ልጅ ያውቃል። መንታ ወንድ ልጆች ሲወለዱ ብዙ ቤት የሚወጣላቸው ስም ነው። አስቡት እንግዲህ። የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ፣ የልደት ቀን አንድ፣ ቀበሌ አንድ፣ የእናት ስልክ አንድ። ፕሮግራማችሁ መቶ በመቶ ይመሳሰላሉ ብሎ ፊት ለፊታችሁ ያመጣቸዋል። እናንተም «አቦ ግልጽ ነው» ብላችሁ አንዱን ታጠፋላችሁ። አንደኛው ልጅ ፔኒሲሊን አይስማማውም እንበል። ያ ማስታወሻ ያለው በጠፋው መዝገብ ላይ ከሆነስ?

ለዚህ ነው በአንድ ነገር ላይ ድርቅ የምለው። ሁለቴ የተመዘገበ ሰው ችግር ነው፣ ሐኪሙ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ያያል። ግን በሽተኛው ራሱ «ባለፈው እዚሁ ታይቼ ነበር» ይላል፣ ይፈለጋል፣ ይገኛል። ያላግባብ የተዋሃደ ሁለት ሰው ግን ዝም ይላል። ማንም አይጮህም። አንዴ የሁለቱ የላቦራቶሪ ውጤት ከተቀላቀለ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት የጤፍና የሰናፍጭ ፍሬ እንደመልቀም ነው። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ሁለት ሆነው ይቆዩ።

ስልክ መለያ አይሆንም። ቤተሰብ በአንድ ስልክ ነው የሚመዘገበው። ደግሞ አንዱ ጋ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው ጋ በ251።

የልደት ቀን ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ጣጣ አለው። አንዱ መዝገብ 12/4/1985 ይላል፣ ሌላው 21/12/1992። ስታዩት የሰባት ዓመት ልዩነት ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1985 በፈረንጅ ሲቆጠር ዲሴምበር 21 ቀን 1992 ነው፣ ያው ቀን። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ስለሆነ ዝም ብሎ ስምንት ደምሮ መሄድ አያዋጣም። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመጣ ደግሞ መዝጋቢው መስከረም 1 ወይም ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላለታል። በእነዚህ ሁለት ቀናት የተወለደ ሰው ሲበዛባችሁ ቀኑን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

ኮማንዱ ይኸውላችሁ። «ዲስቲንክት» ምንም አያጠፋም፤ የተደገመውን ከውጤቱ ላይ ይደብቅላችኋል እንጂ ሰንጠረዡ እንዳለ ነው። የካርድ ቁጥሩን አብራችሁ ከጠራችሁት ደግሞ ሁሉም ረድፍ የተለየ ስለሚሆን መደበቁም ይቀራል። ድግግሞሹን ለማየት በማነጻጸሪያ ዓምዱ «ግሩፕ ባይ» አድርጉና (ተመሳሳዮቹን በቡድን ይሰበስባል) በ«ሃቪንግ» ከአንድ በላይ የሆኑትን አውጡ። ለመለየት «ሮው ነምበር» አለላችሁ። በ«ፓርቲሽን ባይ» እያንዳንዱን ቡድን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል፤ ማን 1 እንደሚሆን በ«ኦርደር ባይ» የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ይህን ያገኘው ከ8.0 ስሪት ጀምሮ ነው፣ አሮጌ ሰርቨር ካላችሁ አትድከሙ። የኤክሴሉ «ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» ደግሞ ሳይጠይቃችሁ የላይኛውን ረድፍ ያስቀርና የታችኛውን ይጥላል። ብዙ ጊዜ አዲሱ አድራሻ ያለው ታች ነው።

ባክአፕ ሳትይዙ አትንኩት፣ ይህን ለማንም መንገር ያለብኝ አይመስለኝም። «ዲሊት» ከማለታችሁ በፊትም በዚያው ቅድመ ሁኔታ «ሴሌክት» ብላችሁ የሚጠፋውን በዓይናችሁ እዩ። ከሥሩ የተያያዙትን ሰንጠረዦች ደግሞ አትርሱ። የላቦራቶሪ፣ የመድኃኒት፣ የቀጠሮ መዝገብ ሁሉ በካርድ ቁጥር ነው የተያያዘው። «ካስኬድ» በርቶ ከሆነ አንድ ረድፍ ስታጠፉ ተከትለው ይጠፋሉ። መጀመሪያ እነሱን ወደሚቀረው ካርድ አዙሩ። የተሰረዘውንም ቁጥር አታጥፉት፣ ወደ አዲሱ የሚመራ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሰውየው የድሮ ካርዱን ይዞ ነገ መስኮት ላይ ይቆማላ!

አንድ ነገር ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል «ዩኒክ» ገደብ እናስቀምጥ ትላላችሁ፣ ጥሩ ነው። ግን በምን ላይ? በስም አይሆንም፣ በስልክም አልን። የፋይዳ ቁጥር ከሁሉም ይሻላል። አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊት ስለሚወሰድ ሰውየው ሁለቴ ቢመዘገብ ይለየዋል። አዋጁም ወጥቷል፣ ቁጥር 1284/2015። ነገር ግን ካርድ ክፍል የሚመጣ ሁሉ ፋይዳ ይዞ አይመጣም፣ አራስ ሕፃንም አሻራ ሰጥቶ አይመጣም። ስለዚህ ቦታው ባዶ መሆን መቻል አለበት። ዳታቤዞቹ ግን ይለያያሉ፤ ፖስትግሬስ «ዩኒክ» ዓምድ ላይ ብዙ ባዶ «ነል» ይፈቅዳል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በተለመደው አሠራሩ አንድ ብቻ። አስገዳጅ ካደረጋችሁት መዝጋቢዋ አሥራ ሁለት ዜሮ ትመታና ትገላገላለች። በእሷ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ያንኑ ታደርጋላችሁ።

ከዚያ ሁሉ ጽዳት ይልቅ መስኮቱ ላይ ያለውን የፍለጋ ሳጥን አስተካክሉላት። «መሀመድ» ብላ ስትጽፍ «ሙሐመድ»ም ይምጣላት። ሂዱና አጠገቧ ቁጭ በሉ፣ እንዴት እንደምትፈልግ እዩ።

አንድ የቀረኝ። መንታ ወንድማማቾቹን አጣርታችሁ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» ካላችሁ፣ ውሳኔውን በሌላ ሰንጠረዥ ጻፉት። ሁለቱ የካርድ ቁጥሮች፣ «አንድ አይደሉም»፣ ማን እንዳጣራ፣ መቼ። ካልጻፋችሁት ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ጥንድ እንደገና ያመጣዋል፣ ያን ቀን ደግሞ ወንበሩ ላይ እናንተ ላትኖሩ ትችላላችሁ።