ፌሮው ለምን ይጎድላል? ስለ ኤክሴል ግምት የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጅማ ለምትሠራው ጂ+2 በኤክሴል የገመትከው ፌሮ ሳይት ላይ ከሚገዛው አንሶብሃል፤ ሌላ ሶፍትዌር ልግዛ ወይ ብለሃል። ገንዘብህን አታውጣ፣ መጀመሪያ ቴክኦፍህን፣ ማለትም ከፕላኑ የለካኸውን መጠን ፈትሽ። ኤክሴል ማባዛት አይስትም፤ የሰጠኸው ርዝመት ከጎደለ ግን ጎዶሎውን አባዝቶ ይመልስልሃል።

12 ኮለን (ምሰሶ) እንውሰድ፤ ከፍታቸው 3 ሜትር፣ በእያንዳንዱ 6 ባለ 14 ሚሊሜትር ፌሮ። 14ን በ14 አባዝተህ ለ162 ስታካፍል በሜትር 1.21 ኪሎ ይመጣል። ከፍታውን ብቻ ከያዝክ 72 ፌሮ በ3 ሜትር፣ 261 ኪሎ ነው። ዲዛይኑ 70 ሳንቲም ኦቨርላፕ (ፌሮ ከፌሮ ጋር የሚደራረብበት ርዝመት) ካዘዘ ግን አንዱ 3.70 ይሆንና 322 ኪሎ ይደርሳል። 61 ኪሎ እዚችው ላይ ጠፋ።

ግዢው ደግሞ ሌላ ነው። ፌሮ የሚሸጠው በ12 ሜትር ስለሆነ ከአንዱ 3 ቁራጭ ወጥቶ 90 ሳንቲም ይተርፋል። ስለዚህ 24 ፌሮ፣ 348 ኪሎ ትገዛለህ። የፌሮውን ብዛት የምታወጣበት ሴል ላይ ራውንድአፕ (ROUNDUP፣ ወደ ላይ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚያጠጋውን ፎርሙላ) ተጠቀም፤ ግማሽ ፌሮ የሚሸጥልህ የለም። ቢኦኪው (የሥራው መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ላይ የሚጻፈው 322 ኪሎ ነው። የ26 ኪሎው ብክነት፣ 8 በመቶ ገደማ፣ ነጠላ ዋጋው ውስጥ ይግባ። ሁለቱም ቦታ ካስገባኸው ጨረታ ትሸነፋለህ፤ ሁለቱም ቦታ ከረሳኸው ከኪስህ ይወጣል። ቁራጩ ሌላ ሥራ ላይ የሚገባ ከሆነ ብክነቱን ቀንስ።

ዋጋዎችን ለብቻው በአንድ ሺት ላይ ከነቀናቸው አስቀምጥ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይሳብ። ፎርሙላ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ዋጋ ሲሚንቶ ሲጨምር ሳይቀየር ይቀራል። የምትይዘው ጅማ ሳይት የደረሰ ዋጋ ነው፦ የአዲስ አበባ ዋጋ፣ ማጓጓዣ፣ መጫኛና ማውረጃ። ከጅማው ሂርማታ ገበያ የጠየቅከው ዋጋ ቫትን የያዘ ከሆነ መጨረሻ ላይ 15 በመቶ ስትደምር ደግመህ እየከፈልክ ነው፤ መጀመሪያ ለ1.15 አካፍለው።

ከድምሩ በላይ አዲስ ረድፍ ስታስገባ የመደመሪያው ፎርሙላ ሰም (SUM) ያንን ረድፍ መያዙን ሴሉን ተጭነህ እይ። በግራ የተጠጋ ቁጥር ካየህ ጽሑፍ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ሰም አይደምረውም። ከኦውቶካድ ስትለካም በፕላኑ ላይ 5 ሜትር የተጻፈበትን ግድግዳ ለካ፤ 5000 ካለህ ዩኒቱ ሚሊሜትር ነው።

ሥራው ክረምት ላይ ከዋለ የቁፋሮና የኮንክሪት ቡድን የቀን ውጤትን ቀንሰህ አስገባ። በጅማ ዝናብ የበጋውን ውጤት መጠቀም የጉልበት ዋጋህን ያሳንሳል።