የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሰሌዳው ዙሪያ የሚነገር እንግሊዝኛ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንንና በጨዋታ እንግሊዝኛ ስለ መማር የሚጠይቁ ሦስት ደብዳቤዎችን አሳጥረን ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ሴት ልጅና የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለፈው ገና አጎታቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ ደርድረው ቃል እየሠሩ ነጥብ የሚይዙበትን «ስክራብል» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ጨዋታ አመጣላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከሰሌዳው አይነሡም። እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ሆኖም የሚደረድሩት ቃል ሁሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፊደል ነው፤ የብዙዎቹንም ፍቺ ስጠይቃቸው አያውቁትም። ታላቂቱ ሁልጊዜ ታሸንፋለች፣ ታናሹ ያኮርፋል። እናታቸው «ይህ ጊዜ ማባከን ነው፤ መጽሐፋቸውን ያንብቡ» ትላለች። ጨዋታው በእርግጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል ወይስ እናታቸው ትክክል ናት?
አንድ አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ባለቤትዎ ያለ ምክንያት አልጠረጠሩም። ስክራብል እንዲሁ ሲጫወቱት የፊደላትን አቀማመጥ የማስታወስና ነጥብ የማስላት ውድድር እንጂ የቋንቋ ትምህርት አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚገርመው ምስክር ኒጄል ሪቻርድስ የተባለው የኒውዚላንድ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ፈረንሳይኛ አይናገርም ነበር። ቃላቱን ፍቺያቸውን ሳይሻ በፊደል ቅደም ተከተላቸው ብቻ በቃሉ ይዞ፣ ባለቋንቋዎቹን በገዛ ቋንቋቸው ረታቸው። ልጆችዎም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቁትን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ደርድረው ነጥብ ሲቆጥሩ የሚያደርጉት በመጠኑ ይህንኑ ነው።

እንዲህም ሆኖ ሰሌዳውን ወደ ሣጥኑ መልሱት አንልም። የአማርኛ ፊደል የቆጠረ ልጅ የሰማውን ቃል እንደሰማው ይጽፋል፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን አይፈቅድለትም። በቃል መጨረሻ የሚቀመጠው ኢ ብዙ ጊዜ አይነበብም፣ ፒ እና ኤች ተጣምረው እንደ ኤፍ ይነበባሉ፣ በቃል መጀመሪያ ላይ ከኤን የሚቀድመው ኬ ድምፁ ይጠፋል። መጽሐፍ ሲያነብ ዓይኑ እየዘለለ የሚያልፋቸውን እነዚህን ፊደላት አንድ በአንድ በእጁ አንሥቶ ሲደረድር ልብ ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው ጥቅም በቅጥያዎች ላይ ነው። ሌላው ተጫዋች «ፕሌይ» ብሎ የደረደረውን ቃል ኤስ ጨምሮ «ፕሌይስ»፣ ኢ እና ዲ ጨምሮ «ፕሌይድ»፣ ኢ እና አር ጨምሮ «ፕሌየር» ያደረገ ሰው የጨመራቸው ፊደላት ብቻ ሳይሆኑ የመላው ቃል ነጥብ ስለሚቆጠርለት፣ ልጆች ያለ አስተማሪ ጉትጎታ ቅጥያ ፍለጋ ይገባሉ።

የቀረውን የሚወስነው በቤትዎ የሚያወጡት ሕግ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይደንግጉ፦ ቃል የደረደረ ልጅ ቃሉን ጮክ ብሎ አንብቦ በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካልተናገረበት ነጥቡ በግማሽ ይቀነስ። ልጆች ብልጥ ስለሆኑ በመጀመሪያው ምሽት ሁሉንም ቃል «ዚስ ኢዝ ኤ» በሚል ጅማሬ ይገላገሉታል፤ በሁለተኛው ምሽት ይህን ጅማሬ ይከልክሉና ዓረፍተ ነገሩ ስለ ቤቱ ሰው፣ ስለ ሰፈሩ ወይም በዕለቱ ስለሆነ ነገር ይሁን ይበሉ። ያን ጊዜ «ኮልድ» የሚለውን ቃል የደረደረው ልጅ ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ፣ «ቡል» የሚለውን የደረደረችው ስለ ጎረቤት በሬ መናገር ይኖርባታል፤ ያለ ግሥ ደግሞ ይህን መናገር አይቻልም። እርስዎ እንግሊዝኛዎ የቀዘቀዘ ከሆነ ከተጫዋችነት ይልቅ ዳኝነቱን ይያዙ፤ የዳኛው ሥራ «እሺ፣ ዓረፍተ ነገሩስ?» ማለት ነውና ብዙ እውቀት አይጠይቅም።

መዝገበ ቃላቱ ክፍት ይሁን። በይፋ ውድድር መዝገበ ቃላት የሚታየው በአንድ ቃል ላይ ክርክር ሲነሣ ነው፤ በቤት ግን ልጁ ቃሉን ከመደርደሩ በፊት ፈልጎ ፍቺውን ቢያነብ የሚጎዳ ሰው የለም። በወረቀት የታተመው ይሻላል፤ ስልክ እጅ ውስጥ ከገባ ወዲያ ጨዋታው ስልኩ ይሆናል። እግረ መንገዳችንን፣ ኪው እና አይ ብቻቸውን የሚሠሩትን ቃል የመሳሰሉ፣ ከስክራብል ሰሌዳ በቀር የትም የማያገለግሉ ባለ ሁለት ፊደል ቃላትን ከቤትዎ ቢያስወጧቸው ደስ ይለናል። ለተወዳዳሪዎች ሀብት ቢሆኑም ለተማሪ ግን ሸክም ናቸው።

ስለ ኩርፊያው፦ የሦስት ክፍል ልዩነት ያላቸውን ልጆች በእኩል ሕግ ማጫወት ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ታናሹ በሕጉ ከተፈቀዱት 7 ጠጠሮች ይልቅ 9 ይያዝ፤ ታላቂቱ ከአራት ፊደል በታች አትደርድር። ወይም እርስዎና ታናሹ አንድ ወገን ሆናችሁ እርሷን ግጠሟት፤ በምክክር ጊዜ የሚነገረው ሁሉ ትምህርት ነው።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከቃላቱ ይልቅ የሚጠቅመው ተጫዋቾቹ በሰሌዳው ዙሪያ የሚነጋገሩት ነገር ነው። «ኢትስ ማይ ተርን»፣ «ሃው ሜኒ ፖይንትስ?»፣ «አይ ዶንት አግሪ»፣ «ካን አይ ቼንጅ ማይ ሌተርስ?» የሚሉት አነጋገሮች በአንድ ምሽት ደጋግመው ይመጣሉ፤ ልጁም እንደ ትምህርት ሳይሆን መብቱን ለማስከበር ስለሚናገራቸው አይረሳቸውም። ነጥብ ሲደመር፣ ቃል ሲያከራክር፣ ተራ ሲዘለል ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በአማርኛ የተከራከረ ሰው ክርክሩን ያጣ እንደሆነ ይደንገግ። መጀመሪያ ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ግን አንደኛው እልህ ሲይዘው አፉ ይከፈታል።

የባለቤትዎን ሥጋትም ጨዋታው ውስጥ ያስገቡት። ልጅዎ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በባዮሎጂና በጂኦግራፊ መጽሐፏ የሚጠብቃት ረጅም አንቀጽ እንጂ ነጠላ ቃል አይደለም፤ አንቀጽ ማንበብን ደግሞ የትኛውም የሰሌዳ ጨዋታ አይተካውም። ስለዚህ ንባቡ ይቅደም፤ ከዚያ በዚያ ምሽት ከተነበበው ምዕራፍ የተገኘ ቃል የደረደረ 10 ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠው። በዚህ ሁኔታ መጽሐፉ ራሱ ከሰሌዳው ጎን ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል ከ60 የሚበልጡ ተማሪዎች አሉኝ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተደበቀ ቃል ፊደል በፊደል የሚገመትበትን «ሃንግማን» አጫውታቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል፣ ግን የሚመልሱት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ልጆች ናቸው። የጨዋታ ዕቃ የምንገዛበት ገንዘብ የለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
መምህርት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ «ሃንግማን» ተማሪው አንድ ፊደል ጮሆ የሚቀመጥበት ጨዋታ ስለሆነ ለደወል አምስት ደቂቃ ሲቀር ካልሆነ በቀር ብዙ ጊዜ አይስጡት። በእጅዎ ያለው ሀብት ከዚያ ይበልጣል፤ ተማሪዎችዎ እንቆቅልሽ ያውቃሉ። አንድ ልጅ አንድ ነገር በልቡ ይይዛል፤ ሌሎቹ «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ በሚያስመልሱ 20 ጥያቄዎች ያንን ነገር ያወጡታል። የሚያዘው ነገር ከአገሩ ይሁን፦ ገብስ፣ ባና፣ ጭላዳ፣ የጓሳው ቀይ ቀበሮ። «ኢዝ ኢት ኤን አኒማል?»፣ «ካን ዊ ዌር ኢት?»፣ «ዳዝ ኢት ሊቭ ኢን ጓሳ?» እያሉ ይቀጥላሉ።

ይህን ያስቀደምነው በምክንያት ነው። በአማርኛ ስንጠይቅ የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል አይለወጥም፤ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን ወይም «ወይ» እንጨምራለን። ስለዚህ ተማሪዎቻችን «ዱ ዩ ላይክ ቲ?» በማለት ፈንታ «ዩ ላይክ ቲ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ረዳት ግሡን ከፊት ማምጣትን ደንቡን ቢያውቁት እንኳ አፋቸው አይለምደውም። በአንድ ዙር 20 ጥያቄ የሚጠይቅ ቡድን ይህን ቅርጽ ከማንኛውም የመልመጃ ገጽ በበለጠ ይደጋግመዋል። ጥያቄው በትክክለኛ ቅርጹ ካልቀረበ ነገሩን የያዘው ልጅ ዝም ይበል፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ያርሙታል፤ እርስዎ ጣልቃ መግባት የለብዎትም።

ሲሸነፉስ? በባህላችን «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እዚህም ይቀጥል። ቡድኑ አንድ ከተማ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ስለ ከተማዋ ሦስት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካልተናገረ አገሩን አይወርስም። ደብረ ሲናን የተሰጠው ስለ ጣርማ በሩ ዋሻ፣ አንኮበርን የተሰጠው ስለ ተራራው ይናገራል። ለ60 ተማሪዎች አምስት አምስት ሰው ያላቸው 12 ቡድኖች ይመድቡ፤ ከአምስቱ አንዱ ጥያቄ ቆጣሪ ይሁን፤ ዝምተኛው ልጅ ነገሩን የሚይዘው እንዲሆን ያድርጉ፤ መመለስ ከመጠየቅ ይቀላልና። ጫጫታው ይበዛል፤ ርእሰ መምህሩን አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

ከ9ኛ ክፍል በላይ ላሉት ሌላም አለ። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ይጻፋል፤ ከሥሩም ቃሉን ለመግለጽ የማይፈቀዱ አምስት ቃላት ይጻፋሉ። «ሺፕ» ለሚለው ቃል «ዉል»፣ «ላም»፣ «ሚት»፣ «አኒማል» እና «ፋርም» ቢከለከሉ ተማሪው ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። ካርዶቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያዘጋጁ፤ የሚከለከሉትን ቃላት መምረጡ በራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። በተናጋሪ ፊት የጠፋበትን ቃል በሌላ ቃል መዞር የቻለ ተማሪ የእንግሊዝኛ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ስክራብል ከፈለጉ ደግሞ አይግዙት። ለዳማ የምንጠቀምበት የጠርሙስ ቆርኪ ለዚህም ይሆናል፤ 100 ቆርኪ ሰብስበው በየአንዳንዱ ውስጥ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ይለጥፉ፤ ሰሌዳውን በካርቶን ላይ 15 በ15 አድርገው ያስምሩ። ፊደላቱን ግን በእኩል ቁጥር አያዘጋጁ። የጨዋታው ፈጣሪ አልፍሬድ በትስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ያጣ አርክቴክት ሲሆን፣ በጋዜጣ ላይ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቆጥሮ ነው የጠጠሮቹን ብዛት የወሰነው፤ በእኩል ቁጥር ቢሆን ተጫዋቾቹ በኪውና በዜድ ታንቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ኢ 12፤ ኤ እና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ፤ ኦ 8፤ ኤን፣ አር እና ቲ ስድስት ስድስት፤ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ እና ዲ አራት አራት፤ ጂ 3፤ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ፒ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ ቪ፣ ደብልዩ እና ዋይ ሁለት ሁለት፤ ኬ፣ ጄ፣ ኤክስ፣ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ ይሁኑ፤ የቀሩት ሁለት ቆርኪዎች ባዶ ሆነው በፈለጉት ፊደል ፈንታ ይቆማሉ። አንድ ሰሌዳ የሚይዘው ከሁለት እስከ አራት ተጫዋች ስለሆነ ለክፍል ሳይሆን ለእንግሊዝኛ ክበብ ቢያውሉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት ሱቅ አለኝ። ዕድሜዬ ከ40 አልፏል። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት በስልኬ የእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ እጫወታለሁ፤ መስቀለኛ ቃላት ግን አልሆነልኝም። ብቻዬን ስለሆንኩ ምን ባደርግ ይሻለኛል?
ባለሱቅ፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ጋዜጦች የሚወጣው መስቀለኛ ቃላት ያልሆነልዎ በእርስዎ ድክመት አይደለም፤ ፍንጮቹ በዚያ አገር ያደገ ሰው የሚያውቃቸውን ስሞችና ፈሊጦች የሚጠይቁ ናቸው። ለተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀውን ይፈልጉ። ባለ አምስት ፊደል ቃል በስድስት ሙከራ የሚገኝበት «ዎርድል» የተባለው ጨዋታ ለፊደል አጻጻፍ ጥሩ ነው፤ ንግግር ግን አያስተምርዎትም። ለንግግር ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ሱቅዎ ድረስ መምጣት የለበትም። እንግሊዝኛ ከሚማር ዘመድዎ ወይም ወዳጅዎ ጋር ከላይ ለመምህርቷ የገለጽነውን የ20 ጥያቄ ጨዋታ በድምፅ መልእክት ይጫወቱ፤ ጥያቄውን ጠዋት ልከው መልሱን ከሰዓት በኋላ ቢያገኙም ጨዋታው አይበላሽም፤ ከመላክዎ በፊትም የራስዎን ድምፅ መልሰው ሰምተው ካልወደዱት እንደገና መቅዳት ይችላሉ።