ስለ ወንድምሽ አክታና ስለ አንገቱ እብጠት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ቫይረሱ በደሙ አለ፤ አክታው በማይክሮስኮፕ ሁለት ጊዜ ታይቶ "ቲቢ የለም" ተብሏል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመረ በ3ኛ ሳምንቱ አንገቱ አበጠ፣ ትኩሳቱም ባሰበት። "መድኃኒቱ እየጎዳው ከሆነ ላስቁመው ወይ?" ብለሻል። አታስቁሚው። ነገ ጠዋት ግን ይዘሽው ሂጂ።

ድሬዳዋ ቲቢ ክፍል 9 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሲዲ ፎሩ (ሰውነትን የሚከላከሉ ሕዋሳቱ ቁጥር) የወረደ ሰው "የለም" የሚል የአክታ ወረቀት ይዞ ሲመጣ አላምነውም። ጤነኛ ሰው ባክቴሪያውን ሲተነፍስ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት ይውጡታል። ለመግደል ብርታት የሚያገኙት ግን ሲዲ ፎር ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ሲያመነጩላቸው ነው፤ ያኔ ዙሪያውን ከበው ያጥሩታል። ኤች አይ ቪ የሚጨርሰው እነዚያኑ ሲዲ ፎሮች ነው። አጥሩ ሲላላ ባክቴሪያው ወደ ንፍፊት፣ ወደ አከርካሪ፣ ወደ አንጎል ሽፋን ይሄዳል። ሳንባን የሚቦረቡረው ደግሞ በአብዛኛው የራሳችን መከላከያ ቁጣ ነው። መከላከያው ሲደክም ሳንባው ብዙም አይቦረቦርም፣ አክታ ላይ የሚወጣው ባክቴሪያ ያንሳል፣ ራጁም ንጹሕ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው፣ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ ይሠራለት፣ ከእብጠቱም በመርፌ ናሙና ይወሰድለት። ሲዲ ፎሩ ዝቅ ላለ ሰው ከሽንት የሚሠራ የቲቢ ምርመራም አለ፤ ጠይቂ። ሌሊት አንሶላ የሚያርሰውን ላብ "የድሬ ሙቀት ነው"፣ መክሳቱን "ጫቱ ነው" እያላችሁ ወራት እንዳለፉ ጽፈሻል። እኛ አገር ስንቱን ያዘገየ ቃል ነው! ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገሪው።

እብጠቱ ምን ሊሆን ይችላል? መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያወርደው የተኛው መከላከያ ይነቃና ተደብቆ የቆየውን ባክቴሪያ ያገኘዋል። ውጊያቸው ትኩሳትና እብጠት ሆኖ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። ይህን ፈርቶ የኤች አይ ቪውንም የቲቢውንም መድኃኒት የጣለ አንድ ወጣት ነበረኝ። ሲመለስ ማጅራቱ ደርቆ፣ ሰው መለየት አቅቶት ነበር። አላተረፍነውም። ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄጄ አለመፈለጌ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እናታችሁ ድሮ ቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ መታከማቸው ከዚህ ጋር አይያያዝም። ባክቴሪያዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ኤች አይ ቪ የሥጋ ደዌን እንደ ቲቢ አላባባሰውም።

ቲቢ ከተገኘበት ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን የኤች አይ ቪውን መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ስለሚያዳክም፣ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆንለት አስታውሺያቸው። ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መቃዠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የሚወስደውን መድኃኒት ከነብልቃጡ ያዢ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለም አብሮ ይታይ።