አደይ አበባዬ ለምን ደረቀ?

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ከአዘዞ ሜዳ አደይ አበባ ከነሥሩ ነቅዬ ግቢዬ ውስጥ ተከልሁ። ውሃ ባላቋርጥበትም ጥቅምት ላይ ደረቀብኝ። ማዳበሪያ ልጨምርበት?
የልጆች እናት፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ አይዘኑ፤ ውሃም አላነሰው። አደይ አበባ የአንድ ዓመት ተክል ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ መስከረም ላይ ያብባል፣ ዘሩን አፍርቶ ይሞታል። ማዳበሪያ ዕድሜውን አያራዝምለትም።

ዋናው ነገር ዘሩ ነው። አበባውን ቀረብ ብለው ይዩት፤ አንድ ይመስላል እንጂ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳሩን ያሉት ሰፋፊ ቢጫዎች ንብ ይጠራሉ፤ ዘር የሚይዙት መሃል ያሉት ደቃቆቹ ናቸው። እነዚህ ጠቁረው ሲደርቁ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ፣ ለቅመው በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። በላስቲክ አይሁን፤ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ፀሐይ በሚያገኝ መሬት በትነው አፈር በስሱ ያልብሱት። ቡቃያው አረም ስለሚመስል፣ ልጆች እንዳይነቅሉት ዙሪያውን ድንጋይ ይደርድሩ።

አንድ ልመና አለኝ፤ እባክዎ ከሜዳው ከነሥሩ አይንቀሉ። ለልጆቹ እቅፍ የሚበቃውን ብቻ ይቅጠፉና የቀረውን ይተዉት። ዘር ሳይጥል ከተነቀለ ለከርሞው የሚበቅለው ይሳሳል። ክረምት ሲወጣ ደግሞ ንቦቻችን ማር የሚሠሩት በአብዛኛው ከዚሁ አበባ ነው፤ ንብ የሚያነቡ ጎረቤት ካሉዎት ይጠይቋቸው።