ጫፎቹን እዩ

ወደ ንግግር ሕክምናና ወደ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ለምትገቡ ልጆቼ፣

ጀማሪ ሳለሁ ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ «ዳ እና ታን አይለይም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትና ለመምህሩ ላክሁ። ስህተቱ የእኔ ነበር።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ከጥርት ያለ «ዳ» ተነስቶ በትንንሽ እርምጃ ወደ ጥርት ያለ «ታ» የሚሄድ፣ በኮምፒውተር የተሠራ የድምፆች ሰልፍ ነው። ሁለቱን ከሚለዩት ነገሮች ዋናው የድምፅ አውታሮች መርገብገብ የሚጀምሩበት ቅጽበት ሲሆን፣ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል። ድምፁ በጥቂት በጥቂቱ ቢለወጥም ሰሚው እስከ አንድ ቦታ ድረስ «ዳ» ሲል ይቆይና ድንገት ወደ «ታ» ይዘላል። ተመራማሪው አልቪን ሊበርማንና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለውን ዝላይ በ1957 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። በ1971 ደግሞ ፒተር ኢማስና ባልደረቦቹ የ1 ወር ሕፃናት እንኳ «ባ» እና «ፓ»ን በዚሁ መንገድ እንደሚለዩ ከአጠባባቸው ፍጥነት አወቁ።

ማንበብ የሚቸግራቸው ልጆች ይህ ድንበር በአማካይ ይደበዝዝባቸዋል። «በአማካይ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከእነርሱ መካከል እንደ እኩዮቻቸው አጥርተው የሚለዩም አሉ።

ያ ልጅ የተሳሳተው ድንበሩ ላይ ብቻ አልነበረም። ማንም ሊስተው በማይገባው ጥርት ባለው «ዳ» ላይም ስቷል። ይህን ልብ አላልኩም። ከሳምንታት በኋላ መልሶቹን በተሰጡበት ቅደም ተከተል ሳነባቸው የመጀመሪያዎቹ ሃያ መልሶች ምንም እንከን የለባቸውም፤ የተሳሳተው ሁሉ ከዚያ ወዲህ ነው። ያለ እረፍት መቶ ድምፅ አሰምቼው ኖሯል! የደከመው ትኩረቱ እንጂ ጆሮው አልነበረም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የሰልፉን ጫፎች፣ ጥርት ያሉትን «ዳ» እና «ታ»፣ እዩ። ፈተናውን አሳጥሩ፤ ስህተቱ በስንተኛው ላይ እንደ መጣም መዝግቡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ጥንድ ላይ ብቻ የሚሰናከል ልጅ ሌላ ነው፤ እየቆየ በሁሉም ላይ የሚሰናከል ሌላ። ሁለቱ ችግሮች፣ ድምፅ የመለየትና የትኩረት፣ አንድ ልጅ ላይ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው፤ አንዱን ስላገኛችሁ ሌላውን መፈለግ አትተዉ።

ከሁሉ በፊት የመስማት ምርመራው ይደረግ። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ብዙ ባለሙያ አታልሏል። ነገር ግን ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያሉትን ፉጨቶች ሰማ ማለት፣ በሚንጫጫ ክፍል ውስጥ ንግግር ለይቶ ይሰማል ማለት አይደለም።

በአፋችሁ ስትፈትኑ ከንፈራችሁን በስስ ጨርቅ ከልሉ፤ በእጃችሁ ግን አትሸፍኑ፣ ድምፁን ያፍናል። ሁሉንም በትክክል የመለሰችልኝ አንዲት ልጅ፣ ከንፈሬን ብከልል ግማሹን ሳተች። ስታነበው የነበረው አፌን ነው።

ለዚያ መምህር ማረሚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለካ እርሱ የመጀመሪያውን አምኖ፣ እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ልጁ ጆሮ ሥር እየጮኸ ሲያስተምር ኖሯል።