«ሲሞት» ማለት ገና አልሞተም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የምንጫወት ጓደኛሞች ነን። ለጀማሪ እንዲቀል ብለን የካርታዎቹን ጽሑፍ በአማርኛ እየመለስን ነው። አንዱ ፍጡር (ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚዋጋ ካርታ) ላይ «ሲሞት አንድ ካርታ ሳብ» ብለን ጻፍን። ቅኔ ቤት የቆየ ጓደኛችን ግን «ሲሞት» ትንቢት አንቀጽ (ገና ያልተፈጸመን ድርጊት የሚናገር የግስ ቅርጽ) ስለሆነ ፍጡሩ ገና አልሞተም፣ ካርታውን ስቤ በዚያው ፍጡር ሌላ ችሎታ እጠቀማለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ጓደኛችሁ አንቀጹን በትክክል ለይቷል፤ ፍርዱ ላይ ግን ተሳስቷል። «ሲሞት» ውስጥ ያለው «ስ» ከ«ይሞት» ጋር ተዋህዶ ነው «ሲ» የሆነው። ይህ «ስ» ደግሞ ከኃላፊ አንቀጽ፣ ማለትም ያለፈን ከሚናገረው ቅርጽ ጋር አይሄድም፤ «ስሞተ» የሚል አማርኛ የለም። ምርጫ በሌለበት ቦታ ቅርጹ ስለ ጊዜ ምንም አይመሰክርም። የሚመሰክረው የግሱ ጠባይ ነው።

«እራት ሲበላ ስልክ ተደወለለት» ካልን ሰውየው ገና ከገበታው አልተነሣም። «አባቱ ሲሞት ቤቱን ወረሰ» ካልን ግን አባትየው አልቆለታል፤ በቁሙ ያለ ሰው አይወረስም። መብላት ጊዜ ይወስዳል፤ መሞት፣ መግባት፣ መድረስ በአንድ ቅጽበት የሚያልቁ ናቸው። እንዲህ ባሉ ግሶች ላይ «ሲ» የሚያመለክተው ድርጊቱ ከተፈጸመ ወዲያ ያለውን ነው።

የጨዋታውም ሕግ ከዚሁ ጋር ይስማማል። እዚያ «ሞተ» የሚባለው ፍጡሩ ከጦር ሜዳው ወደ መቃብሩ፣ ማለትም ከጨዋታ የወጡ ካርታዎች ወደሚከመሩበት ቦታ ሲወርድ ነው፤ ካርታ የማሳቡ ችሎታ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓደኛችሁ በፍጡሩ ሌላ ችሎታ ሊጠቀም ሲያስብ ፍጡሩ ሜዳው ላይ የለም። እሱ የሚፈልገው ጊዜ በአማርኛ ሌላ ስም አለው፦ «ሊሞት ሲል»። ይህ ጊዜ በጨዋታው አለ። ተቃዋሚው የሚገድል አስማት ጠርቶ ገና ሳይፈጸም ሁሉም ምላሽ የመስጠት ዕድል አለው፤ መጨረሻ የተጠራው ቀድሞ ይፈጸማል። ችሎታውን ያኔ ይጠቀምበት። በፍልሚያ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት፤ በጉዳቱና በሞቱ መካከል ማንም ጣልቃ አይገባም።

«ሲያጠቃ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ጠብ ጠርታችኋል። ማጥቃት እንደ መብላት ይረዝማል፤ አንዱ ጉዳት እስኪደርስ ድረስ ነው ይላል፣ ሌላው ገና ከጅምሩ። ሕጉ የሚለው ተጫዋቹ አጥቂዎቹን በሚያሳውቅበት ቅጽበት ነው። «አጥቂ ተብሎ ሲሰየም» ብትሉት ግሱ ራሱ ቅጽበታዊ ስለሆነ ክርክሩ ይዘጋል። ትንሽ ይከብዳል፣ ይሁን።

ተደጋጋሚውን ለ«በ… ቁጥር» ተዉለት። «ሌላ ፍጡር በሞተ ቁጥር» ማለት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ቢሞቱ ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ «ሌላ ፍጡር ሲሞት» ብትሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚል ተከራካሪ አይጠፋም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። አንዳንድ ፍጡር ሜዳ የሚገባው ማጠናከሪያ ምልክት ተቀምጦበት ነው። ይህን «ሲገባ ሁለት ምልክት ይደረግበታል» ብላችሁ እንዳትጽፉት፤ ተቃዋሚው በመግባቱና በምልክቱ መካከል ፋታ ያለ ይመስለውና ገና ደካማ ሳለ ሊመታው ይሞክራል። በሕጉ ግን ፋታ የለም። እዚህ ላይ ቦዝ አንቀጻችን (እንደ «ይዞ» ያለው ቅርጽ) ያለ ምንም ማብራሪያ ይበቃል፦ «ሁለት ምልክት ይዞ ይገባል»።