ለጎንደር የሶፍትዌር ልጆች፦ አምስት ሺ ፔጅ ከመልቀቃችሁ በፊት

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ማራኪ ሰፈር አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ አጠገቤ ሶስት ልጆች ላፕቶፕ ከፍተው ሲያወሩ ሰማሁ፣ አንደኛው "በአንድ ወር አምስት ሺ ፔጅ በኤአይ እናመርታለን ከዛ ጎግል ራሱ ደንበኛ ያመጣልናል" ይላል ሌሎቹም አመኑት። ልቤ ደነገጠ። ላናግራቸው አልኩና የሰው ወሬ መሀል መግባት ከበደኝ፣ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ ምክንያቱም እኔ በዛ መንገድ ሄጄበታለሁ።

የዛሬ አስር አመት ገደማ የሆቴል ሶፍትዌር እንሰራ ነበር። ደንበኛ አጣን። ከዛ ዘዴ ያገኘን መስሎን አንድ ፅሁፍ ፅፈን የከተማውን ስም ብቻ እየቀያየርን "የሆቴል ሶፍትዌር በባህር ዳር"፣ "በደሴ"፣ "በደብረ ማርቆስ" እያልን ከ400 በላይ ፔጅ ለቀቅን። መጀመሪያ ላይ ሰው ገባ፣ ቁጥሩ ሲወጣ እያየን ደስ አለን፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፔጆቹ አንድ ባንድ ከሰርች ውጤት ወጡ፣ የቀሩትም ሰው አላመጡም። ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን ደሴ ያለ አንድ የሆቴል ባለቤት ደውሎ "ደሴ ቢሯችሁ የት ጋ ነው ልምጣ" ያለኝ ቀን ነው። ደሴ ቢሮ የለንም። ሰውየውን ሳናውቀው ዋሽተነዋል፣ እሱ ደግሞ ስራውን ጥሎ ሊመጣ ተነስቷል።

ጎግል ይሄን ነገር ከኛ በፊት ነው ያወቀው። በፈረንጅ 2011 ፓንዳ ያሉትን ለውጥ ያመጡት ፍሬ የሌለው ፅሁፍ እያበዙ ከላይ የሚወጡ ሳይቶችን ለማውረድ ነው፣ በ2012 ደግሞ ፔንግዊን መጣና ደረጃ ለማግኘት ከሌላ ሳይት ወደራሳቸው የሚያመጣ ሊንክ በብር የሚገዙትን መታ፣ በ2024 መጋቢት ላይ ደግሞ በሰው ይፃፍ በማሽን ለውጥ የለውም ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የተመረተ ፔጅ ስፓም (ቆሻሻ) ነው ብለው ህጋቸው ላይ አስገቡት። ስለዚ አምስት ሺው ፔጅ ዛሬ ቢወጣ እንኳ ነገ አብሯችሁ አያድርም፣ ሳይታችሁንም በሙሉ ይዞት ሊወርድ ይችላል።

እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ። ፒያሳ አንድ ሆቴል ሄጄ ሪሴፕሽን አጠገብ ሶስት ቀን ተቀመጥኩ። ለጥምቀት አንድ ሳምንት ቀርቶታል፣ ያን ሰሞን ጎንደር ላይ ክፍል ማግኘት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሪሴፕሽኗ ላይ የምትሰራው ልጅ ትልቅ ጥቁር መዝገብ አላት፣ በእርሳስ ነው የምትይዘው ምክንያቱም እየተሰረዘ ነው የሚፃፈው፣ የጥር 10 የከተራ መስመር ላይ ወረቀቱ ከላጲሱ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። በሁለተኛው ቀን ሁለት እንግዶች ለአንድ ክፍል መጡባት፣ ሁለቱም ከፍለዋል፣ ሁለቱም ደረሰኝ ይዘዋል፣ ልጅቷ እንባዋ መጣ። ማታ ነገሩ በረድ ሲል "ጋሼ ለዚህ ነገር መፍትሄ የለውም?" አለችኝና ስልኳን አውጥታ ጎግል ላይ ፃፈች፣ ጠጋ ብዬ አየሁት፦ "አንድ ክፍል ለሁለት ሰው እንዳይያዝ መመዝገቢያ"። እኛ ስንት አመት ሙሉ "ዘመናዊ የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም" እያልን ስንፅፍ! ይቺ ልጅ ያንን ቃል ፅፋው አታውቅም፣ ወደፊትም አትፅፈውም።

ያን ማታ ነው ስራው የገባኝ። አንድ ፔጅ ፃፍን፣ ክፍል ለሁለት ሰው የሚያዘው በምን በምን ምክንያት እንደሆነ፣ በስልክ የተያዘውና በደላላ የተያዘው የት ላይ እንደሚጋጩ፣ ሶፍትዌር ባይገዙ እንኳ በመዝገብ እንዴት እንደሚከላከሉት፣ ፕሪንት የሚደረግ ሰንጠረዥም ጨመርንበት። ከ400ዎቹ ሁሉ የበለጠ ደዋይ ያመጣው ያ አንድ ፔጅ ነው። ከዛ በኋላ እንግዳ ሳይመጣ ሲቀር፣ ቀብድ ሲመለስ፣ ሂሳብ ሳይዘጋ እንግዳ ሲሄድ እያልን ሪሴፕሽን ላይ የሰማነውን ጥያቄ አንድ ባንድ ፃፍነው።

እዚህ ላይ "ይሄ እንዴት ስኬል ያደርጋል፣ እንዴት በብዛት ይሰራል፣ እያንዳንዱን ቁጭ ብለን እንፃፍ?" ትሉኛላችሁ፣ ጥያቄው ልክ ነው። ዛፒየርን እዩት፣ አንዱን አፕ ከሌላው አፕ የሚያገናኝ ድርጅት ነው፣ ለሚያገናኛቸው አፖች ጥንድ ጥንድ እያደረገ የየራሳቸው ፔጅ አለው፣ ብዛቱ በብዙ ሺ ነው፣ ግን የትኛውም ፔጅ ላይ ብትገቡ ግንኙነቱ የምር አለ፣ እዛው ትጀምሩታላችሁ። ፔጁን ያበዛው ሶፍትዌሩ የሚሰራው ስራ ብዛት ነው። እናንተም እጃችሁ ላይ በብዛት ያለው እውነት ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ስኬል የሚያደርገው እሱ ነው።

የደመወዝ ሶፍትዌር የምትሰሩ ለምሳሌ ሀብት ላይ ነው የተቀመጣችሁት። የሂሳብ ሰራተኛዋ በየወሩ መጨረሻ የምትጠይቀውን አስቡት፦ የግል ድርጅት ጡረታ ከሰራተኛው 7 ከአሰሪው 11 በመቶ ነው፣ ታዲያ ከየትኛው ደመወዝ ላይ ነው የሚሰላው? ትርፍ ሰአት በቀን ሲሆን በ1.5፣ በሌሊት በ1.75፣ በእረፍት ቀን በ2፣ በበአል ቀን በ2.5 ነው የሚባዛው፣ እሺ ጥምቀት እሁድ ላይ ቢውልስ? የአመት ፈቃድ ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ነው፣ አምስት አመት ለሰራ ሰውስ? እነዚህን ሶፍትዌራችሁ ሲያሰላ ነው የሚውለው። ከሱ ላይ ማስሊያ አውጥታችሁ በነፃ ብትለቁት፣ ስሌቱንም ደረጃ በደረጃ ብታሳዩ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ፔጅ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ በየወሩ ይመለስበታል፣ ወዶም ለጓደኛው ይልከዋል። ሊንክ የሚገኘው እንዲህ ነው፣ በብር አትግዙት።

ስለ አማርኛ አፃፃፍ ደግሞ ትንሽ ልቆይበት ምክንያቱም ውጭ አገር የተፃፈ ምክር ይሄን አይነግራችሁም። እኛ አንዱን ቃል በስንት አይነት ነው የምንፅፈው፣ ደመወዝ፣ ደሞዝ፣ ደምወዝ፣ ፀሐይ በፀውም በጸውም፣ ጎንደርን ራሱ ጐንደር ብሎ የሚፅፍ አለ፣ በላቲን ፊደል አማርኛ የሚፅፈውም ብዙ ነው። ማሽኑ ሁሉንም እንደ አንድ ያየዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ርእሱ ላይ ሰው አብዝቶ የሚፅፈውን አድርጉ፣ ሌላውን ፅሁፉ ውስጥ በተፈጥሮ ቦታው ሲመጣ አስገቡት፣ ደርድራችሁ አትጠቅጥቁት። ሰው በየትኛው እንደሚፅፍ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል መሳሪያ ያሳያችኋል፣ ነፃ ነው፣ በየሳምንቱ ክፈቱት። እኔ ደብተር አለኝ፣ እዛ ያየሁትን አፃፃፍ ሁሉ የምመዘግብበት።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው፣ እናንተ ከኔ ትበልጣላችሁ። ሳይቱ ገና ሲሰራ ጎግል እንዳይገባ ሮቦትስ ፋይሉ ላይ የሚፃፈውን ክልከላ ስትለቁት አንሱት፣ እኛ ረስተነው ሁለት ወር ሙሉ ማንም አላየንም። ሪአክት በሚባለው የሳይት መስሪያ ስትሰሩ ፅሁፉ ጃቫስክሪፕት ከሮጠ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጎግል ዘግይቶ ሊያየው ይችላል፣ ብዙዎቹ ሌሎች ቦቶች (ሳይት እየዞሩ የሚያነቡ ፕሮግራሞች) ደግሞ ጭራሽ አያዩትም፣ ስለዚ ከሰርቨሩ ተዘጋጅቶ ይውጣ። ጎግል የሚመዝናችሁ በሞባይሉ ገፅ ነው፣ ዋናው ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ይላል፣ እናንተ ደግሞ በቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን አዘዞ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ በርካሽ ስልክ ሞክሩት።

ሌላው ሰርቨር ነው። እኛ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ አይታችኋል። ሰርቨራችሁ ቢሯችሁ ውስጥ ከሆነና የጎግል ቦት በመጣ ቁጥር ካጣው፣ የለፋችሁበት ፔጅ ከጎግል መዝገብ ይወጣል። ሰርቨሩን ውጭ አድርጉት፣ የምታምኑት ሌላ ከተማ ያለ ሰውም የይለፍ ቃሉ ይኑረው፣ እናንተ ባትገቡ እሱ ይገባል።

ፔጅ ሁሉ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የነበረው የ600 ብር ወርሃዊ ደመወዝ ወደ 2,000 ከፍ አለ፣ በአንድ ቀን ስለ ደመወዝ ግብር የተፃፈ ፔጅ ሁሉ ስህተት ሆነ ማለት ነው። አምስት ሺ ፔጅ ያለው ሰው የቱን አርሞ የቱን ይተወዋል? አሮጌውን ስሌት አምኖ የሰራተኛውን ደመወዝ የቆረጠ ድርጅት ቢኖር ሀላፊነቱ የማን ነው? እኔ አሁን አዲስ ፔጅ ሲወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ማን ይከታተለዋል ብዬ ነው፣ የሰው ስም ካልተነገረኝ አላስወጣውም።

የማራኪዎቹ ልጆች፣ ይሄ ፅሁፍ ከደረሳችሁ እዛው ካፌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰአት በኋላ እኖራለሁ። አምስት ሺውን ከመልቀቃችሁ በፊት አምስቱን ይዛችሁ ኑና አብረን እንያቸው።